አሸንና የእሳት እራት፦ የአርባ ምንጭ ምሽት በካሜራ ዓይን

ለእሳት እራት ስም ያወጣላት ሰው ጨክኖባታል። ከአበባ አበባ ስትዞር፣ ቅጠል ላይ እንቁላሏን ስትጥል አላያትም፤ ኩራዝ ውስጥ ገብታ ስትቃጠል አይቶ «የእሳት እራት» አላት። እኛም በዚሁ ስም አደግን። በልጅነታችን ወደማይሆን ነገር ስንጠጋ «እንደ እሳት እራት ዘለህ አትግባ» ተብለናል፣ በተራችን ደግሞ ለልጆቻችን ብለናል። አሸንም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። ሱቅ ሲበዛ፣ ወሬ ሲበዛ፣ ሰው ሲበዛ «እንደ አሸን ፈላ» እንላለን። አንዱን አሸን ለይተን ክንፉን ያየነው ግን ስንቶቻችን ነን?

በዚህ ሳምንት የምወስዳችሁ ወደ አርባ ምንጭ ነው። አዞውንና የሜዳ አህያውን ለማየት የሚሄድ ብዙ ነው፤ እነሱ በቀን ይታያሉ። እኛ የምንሄደው ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለውን ለማየት ነው። የአክስቴ ልጅ በዚያች ከተማ ፎቶ ቤት አለው። ኑሮው ከሠርግና ከምርቃት ፎቶ ነው። ማታ ማታ ግን የሌሊት በራሪዎችን አየር ላይ እንዳሉ እያነሣ፣ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶግራፍ ይሠራል። በበልጉ ዝናብ ወቅት፣ በሚያዝያ፣ እናቴንና የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ሄጄ አምስት ምሽት አብሬው አመሸሁ።

መንገዱና ከተማዋ

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ከልጅና ከአዛውንት ጋር ለሚጓዝ ሰው ሶዶ አድሮ በማግስቱ መቀጠል ይሻላል፤ እኛም እንደዚያው አደረግን። ከሶዶ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሹራብ ይወልቃል። በየመንገዱ ዳር ሙዝና ማንጎ ተደርድሮ ይሸጣል። ከዚያ በስተግራ አባያ ሐይቅ ብቅ ይላል። ውኃው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ወንዞች ተሸክመውት የሚገቡት ደቃቅ አፈር ውስጡ ተንሳፎ ስለሚቀር ነው።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1285 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከተማዋ ሁለት ናት ቢባል ይቀላል፦ ሴቻ ላይ፣ ሲቀላ ታች። ከሴቻ ጠርዝ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በመሀላቸው ደግሞ «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው የመሬት ሸንተረር ይታየዋል። ከእግሩ ሥር የተዘረጋው ጥቅጥቅ ያለ ደን ከተማዋን ስም ያወጡላት ምንጮች የሚያጠጡት ነው። ሙቀት፣ ውኃ፣ ደንና የፍራፍሬ ማሳ በአንድ ቦታ ሲገናኙ የሌሊቱ አየር ባዶ አይሆንም።

ስለዚህ አካባቢ ለልጆች ሊነገር የሚገባ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ የመጡ ተመራማሪዎች በነጭ ሣር ሜዳ ሲጓዙ መንገድ ላይ መኪና ገጭቶት የሞተና የበሰበሰ አንድ ወፍ አገኙ። ደህና ሆኖ የቀረው አንድ ክንፉ ብቻ ነበርና እሱን ይዘው ሄዱ። ክንፉ ከሌላ ከታወቀ ወፍ ጋር አልገጥም ስላለ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። የላቲን ስሙም የተወሰደው «ክንፍ ብቻ» ከሚል ትርጉም ነው። ይህ ወፍ የሌሊት ወገን ነው፤ ዘመዶቹ ሁሉ ማታ ማታ የእሳት እራትና ጢንዚዛ አየር ላይ እየቀለቡ ይኖራሉ። አንድ ወፍ በአንድ ክንፍ ብቻ የሚታወቅበት ሀገር ላይ፣ የሚበላቸው ትንንሾቹማ ምን ያህል ሳይታዩ እንደሚኖሩ መገመት አያዳግትም።

አሸን የወጣበት ምሽት

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። አባርቶ መሬቱ ሲተነፍስ እናቴ በረንዳው ላይ ወንበሯን አስተካክላ ተቀመጠችና «ዛሬ ይወጣል» አለች። ልጅነቷ ያለፈው በቆላ ነው። ፀሐይ እንደገባች፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ፣ ከአጥሩ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ አሸኑ እንደ ጭስ መውጣት ጀመረ።

አሸን የምስጥ ልጅ ነው። በኩይሳው ውስጥ ክንፍ አውጥተው የሚጠብቁት ወንዶችና ሴቶች የወደፊት ንጉሦችና ንግሥቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች መሬቱን ሲያለሰልሱት ከየኩይሳው በአንድ ምሽት ይወጣሉ። በረራቸው አጭር ነው። ጥቂት በረው ይወርዱና አራቱንም ክንፎቻቸውን ራሳቸው ገንጥለው ይጥላሉ፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው አፈር ውስጥ ገብተው አዲስ ቤት ይጀምራሉ። አብዛኞቹ ግን እዚያ አይደርሱም። ወፍ፣ እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ ጉንዳን፣ ሲነጋ ደግሞ ዶሮ ይጠብቃቸዋል። ሕይወቱን በሙሉ ከመሬት በታች የሚኖር ፍጡር ሰማይን የሚያየው በዚያች አጭር በረራ ብቻ ነው።

ዘመዴ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁሞ ፊቱን ወደ ጨለማው ዛፍ አዞረው። ከጎን አንዲት ትንሽ መብራት አበራ። ከዚያ የካሜራውን ዓይን ከፍቶ 8 ሴኮንድ ያህል ተወው። በ8 ሴኮንድ ውስጥ በመብራቱ ፊት ያለፈ አሸን ሁሉ የሄደበትን መንገድ እንደ ብርሃን ክር ጥሎ ያልፋል። ዛፉ ጨለማ ስለሆነ አይታይም፤ የሚታየው ክሩ ብቻ ነው። በካሜራው ጀርባ ባለችው መስታወት ላይ ምስሉ ሲወጣ በመቶ የሚቆጠር የወርቅ ክር እርስ በርሱ ተጠላልፎ ታየን።

ልጄ ለአያቷ ይዛላት ሄደች። «እማማ፣ እስቲ ይዩት፣ ምን ይመስላል?» እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ አሸኑ ራሱ ከፊቷ ሲበር አንዱን ከአንዱ አትለይም። ፎቶውን ግን አራቀችው፣ አቀረበችው፣ አየችው። «ጥለት ነው እንጂ» አለች። «ሸማኔ የሠራው ጥለት ይመስላል፣ የኔ ልጅ።» ከዚያ በልጅነቷ አሸን ሲወጣ ሰፌድ ይዘው ለዶሮ ይለቅሙ እንደነበር፣ ማን ብዙ እንደሚለቅም እንደሚፎካከሩ ስትነግራት አመሸች። ልጄ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልሰማሁትም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ የረገፈው ክንፍ ሲጠረግ አንድ እፍኝ ሞላ። ሸማኔን ካነሣን ደግሞ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ተራራው ላይ ያሉት ዶርዜዎች በሽመናቸውም በቤታቸውም ይታወቃሉ። የዝሆን ፊት የሚመስለው የቀርከሃ ቤታቸው ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ምስጥ ከሥር እየበላው በየዓመቱ ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተባብሮ እንዳለ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ቤቱን የሚበላው ምስጥና ማታ የወርቅ ክር የሚፈትለው አሸን አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ስነግራት ልጄ «ታዲያ ይጠሉታል ወይስ ይወዱታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዶርዜ ስንወጣ ራሷ እንድትጠይቃቸው ነገርኳት። ጠየቀችም። አንድ አባት ሳቁና «አብረን ነው የምንኖረው» አሏት።

ሁለት ዓይነት ፎቶ

በራሪ ነፍሳትን ሲበሩ ለማንሣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ያየነው ነው፦ የካሜራውን ዓይን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ መንገዳቸውን መቅዳት። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ በጣም በአጭር የፍላሽ ብልጭታ በራሪዋን አየር ላይ ማቆም። ትልልቆቹ የእሳት እራቶች በሴኮንድ 25 ጊዜና ከዚያም በላይ ክንፋቸውን ያርገበግባሉ። ስለዚህ የተለመደው የካሜራ ፍጥነት አይበቃም፤ ክንፉ ጭጋግ ሆኖ ይወጣል። የፍላሹ ኃይል ዝቅ ሲል ግን ብልጭታው ያጥራል። በጣም ዝቅ ሲደረግ ከ20,000 የአንድ ሴኮንድ ክፍል ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ይበራል። ያኔ በክንፏ ላይ ያለው ብናኝ ሳይቀር ይታያል።

ችግሩ ሰው እጁን ቶሎ አለማንቀሳቀሱ ነው። እሷ አለፈች ብሎ አስቦ ቁልፉን እስኪጫን እሷ የለችም። ለዚህ ዘመዴ ለዓይን የማይታይ ጨረር ከአንድ እንጨት ወደ ሌላ እንጨት ይልካል። በራሪዋ ጨረሩን ስትቆርጥ ካሜራው ራሱ ያነሣል። እሱ ሻይ ይጠጣል። ከመቶ ፎቶ ሁለት ደህና ከወጣለት ደስተኛ ነው።

ይህ ጥበብ ከእሱ በፊት ብዙ ሰው ያደከመ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በተርብ ክንፍ ጫፍ ላይ ደቃቅ የወርቅ ቅጠል ለጥፎ በብርሃን ሲያያት፣ ክንፏ አየር ላይ ስምንት ቁጥር እንደምትጽፍ አወቀ። እንግሊዛዊው ስቲፈን ዳልተን ደግሞ ፍላሹንና የጨረር መቁረጫውን አሠርቶ በነፃ የሚበሩ ነፍሳትን ጥርት አድርጎ አነሣ። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች ወደ ጠፈር ሲላኩ፣ የምድርን ሕይወት እንዲያሳዩ ከተጫኑት ከ100 በላይ ምስሎች አንዱ የዳልተን ነበር፦ ከአበቦች አጠገብ የምትበር አንዲት ነፍሳት። ሁለቱም መንኮራኩሮች ዛሬ ፀሐይ በነፋሷ ከምትደርስበት ወሰን አልፈዋል። ይህን ለልጄ ስነግራት ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ አያቷም አብራ አየች።

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኤመት ጎዊን እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የማዕከላዊና የደቡብ አሜሪካ የእሳት እራቶችን ይዟል፤ ከ1000 የሚበልጡ ዝርያዎች 25 በ25 ተደርድረዋል። የእሱዎቹ በበረራ ላይ ሳይሆን አርፈው የተነሡ ናቸው። ዘመዴ ግን «ከእሱ የተማርኩት ገድሎ በመርፌ አለመውጋትን ነው» ይላል። ሁሉንም የሚያነሣቸው በሕይወት እያሉ ነው፤ አንድም ይዞ አያቆይም።

የፓፓያው እንግዳ

በጊቢው ውስጥ ሁለት የፓፓያ ዛፎች አሉ፤ አንዱ ወንዴ፣ አንዷ ሴቴ። ወንዴውን ብዙ ሰው «አያፈራም» ብሎ ይቆርጠዋል። አመሻሽ ላይ አጠገቡ ስትቆሙ ግን ረጃጅም ዘለላ ሆነው ከተንጠለጠሉት አበቦቹ ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። ሦስተኛውን ምሽት እዚያ አጠገብ ተቀምጠን ጠበቅን። ጨለም ሲል አንዲት ትልቅ የእሳት እራት፣ የጣት ያህል ሰውነት ያላት፣ መጣችና አየር ላይ ቆማ ረጅም ምላሷን አበባው ውስጥ ሰደደች። ካላረፈች ወፍ እንጂ ነፍሳት አትመስልም። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው በአንድ ትንፋሽ ትሸጋገራለች።

በጎረቤታችን ኬንያ የተደረገ ጥናት የፓፓያን አበባ በዋነኛነት የሚያራቡት እነዚህ ትልልቅ የእሳት እራቶች መሆናቸውን አሳይቷል። ወንዴው አበባ ማር አለው፤ የሴቴዋ ግን የላትም። እራቷ ማር ያላት መስሏት ወደ ሴቴዋ ስትሄድ ነው ዱቄቱን የምታደርስላት። ከወንዴና ከሴቴ ዛፍ በሚበቅል ፓፓያ፣ ጠዋት ገበታ ላይ የሚቀርበው ፍሬ ማታ ሳትታይ የሠራች አንዲት የእሳት እራት ድካም አለበት።

ከዚያ ምሽት ፎቶዎች አንዱ ልጄ እስካሁን የምታወራው ነው። እራቷ ከወንዴው ወደ ሴቴዋ ስትሻገር የጣለችው መስመር እንደ መርፌ ስፌት ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው። እያንዳንዷ ጉብታ አንድ የክንፍ ምት ናት። ልጄ ጣቷን እያሳለፈች ቆጠረች፤ 30 ሆነ። በሴኮንድ 25 ምት ከሆነ፣ ከዛፍ ዛፍ የተሻገረችው ከአንድ ሴኮንድ ጥቂት በለጥ ባለ ጊዜ ነው ማለት ነው። ለሒሳብ ፊቷን የምታጠቁር ልጅ ያን ምሽት ያለ ወረቀት አካፈለች።

«ተቸግራ ነው የሠራችው?»

በአራተኛው ቀን ዘመዴ ያተማቸውን ትልልቅ ፎቶዎች አወጣልን። ከሁሉም የሚያምሩት መብራት ዙሪያ የተነሡት ነበሩ። መስመሮቹ አምፖሉን ይዞሩታል፣ ይጠመዘዛሉ፣ ወደ ላይ ተወርውረው ተገልብጠው ይወድቃሉ። የአበባ ዘውድ ይመስላሉ። እናቴ አንዱን ይዛ «ለመሆኑ ይኼን ማን ይገዛል?» አለችው። «እስካሁን ሰባት ሸጫለሁ፣ አክስቴ። ሠርግ ግን በየሳምንቱ አለ» አላት። «ሠርግማ ማን ይክደዋል» ብላ ፎቶውን ግን አላስቀመጠችውም።

ያን ጊዜ ነው ልጄ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚዞሩት? እሳት ስለሚወዱ ነው?» ብላ የጠየቀችው። እሱም ቁጭ ብሎ አስረዳት።

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 «ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ» በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በቤተ ሙከራና በኮስታ ሪካ ጫካ በፈጣን ካሜራ የነፍሳቱን በረራ ቀረጹ። ያገኙት ነገር የእኛን ተረት የሚያፈርስ ነው። ነፍሳቱ ወደ መብራት ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ ጀርባቸውን ወደ መብራቱ ያዞራሉ። ምክንያቱም ሰው ሠራሽ መብራት ከመምጣቱ በፊት በሌሊት ብርሃን ያለው ከላይ፣ ከሰማይ ነበር። ጀርባህን ወደ ብርሃን ካደረግህ ሆድህ ወደ መሬት ነው፤ ቀጥ ብለህ ትበራለህ። አምፖል ከጎን ሲበራ ግን ጀርባቸውን ወደ እሱ ሲያዘነብሉ መንገዳቸው ይጠመዘዝና መዞር ይጀምራሉ። መብራቱ ከሥር ከሆነ ተገልብጠው ይወድቃሉ። ሁሉም ዓይነት እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ጥቂቶች አይነካቸውም። የብዙዎቹ ነገር ግን ይኸው ነው። የእሳት እራት እሳት አትወድም። ላይና ታቹ ጠፍቶባት ነው።

ልጄ የያዘችውን ፎቶ አየች። «እንግዲያው ይኼን ቆንጆ መስመር ተቸግራ ነው የሠራችው?»

«አዎ» አላት። ከዚያ ፎቶውን ገልብጦ ጀርባውን አሳያት። በእርሳስ «መብራት» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ አነሣ፤ የፓፓያውን የመሰለ፣ ለስለስ ብሎ የሚሄድ አንድ መስመር ያለበትን። ጀርባው ላይ «መንገዷ» ይላል። ጥናቱን ካነበበ ወዲህ የሚያትመውን ሁሉ በሁለቱ ይለያል፤ ለሚገዛውም ሰው ይነግረዋል። የመብራቶቹን ለምን እንደማይጥላቸው ስጠይቀው «ሰው መጀመሪያ እነሱን አይቶ ነው የሚቆመው። ከቆመ በኋላ እነግረዋለሁ» አለኝ።

የዳሱ ጣሪያ

በመጨረሻው ምሽት ያሳየን ሥራ ከዚያው ጥናት የተወሰደ ነው። ተመራማሪዎቹ ከነፍሳቱ በላይ ነጭ ጨርቅ ወጥረው ብርሃኑን በላዩ ላይ ሲበትኑት፣ ነፍሳቱ ሳይዞሩና ሳይወድቁ ቀጥ ብለው አልፈው ነበር፤ ብርሃኑ እንደ ሰማይ ከላይ ሆነላቸው። ዘመዴም ለሠርግ ከሚይዘው ዕቃ ነጭ አቡጀዲ አውጥቶ እንደ ዳስ ጣሪያ ከጭንቅላታችን በላይ ወጠረ። መብራቱን ከአቡጀዲው በላይ ሰቀለው። ከሥሩ እኛ፣ ካሜራውና ጥቁሩ ጨለማ ቀረን።

መጀመሪያ ምንም የመጣ አልመሰለንም። ቆይቶ አንዷ በአንዱ ጎን ገብታ በሌላው ወጣች። ሌላዋ ተከተለች። መብራት እየዞሩ አመድ እስኪሆኑ ስናያቸው የኖርን ሰዎች፣ መብራት ባለበት ቀጥ ብለው ሲያልፉ ስናይ ሁላችንም ዝም አልን። ካሜራው የቀዳው መስመር ቀላል ነው፤ ዘውድ የለውም፣ ጥምዝ የለውም። እንደ ልብስ ስፌት ብቻ ከጥግ እስከ ጥግ ይሄዳል። እናቴ ወደ ቤቷ ይዛ የመጣችው ይኼንን ነው። ከመረጠቻቸው መካከል የዘውዱም ነበረበት፤ አስቀመጠችውና «ይቺ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው» ብላ ቀላሉን ወሰደች።

ዘመዴ በየምሽቱ መብራቱን ከ40 ደቂቃ በላይ አያበራም። ሲያጠፋው በዙሪያው ያሉት ጥቂት ደቂቃ እዚያው ይንቀዋለላሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይሄዳሉ። ሳይጠፋ ካደረ ግን ሲነጋ የሞተው፣ የደከመውና የተበላው ብዙ ነው። የሌሊት ወፎችም ይህን ስለሚያውቁ መብራት ዙሪያ ያመሻሉ።

ለሚሄድና ቤቱ ለሚሞክር

አርባ ምንጭ ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታስቡት ወባን ይሁን። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ይህ ደግሞ እናንተ ውጭ የምትቀመጡበት ሰዓት ነው። እጅጌ ሙሉና ሱሪ ረጅም ይልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀቡ፣ ማታ ሁሉም አጎበር ውስጥ ይተኛ። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ደግሞ የት እንደነበራችሁ ለሐኪም ንገሩ። ጨለማ ውስጥ ስትንቀሳቀሱ ሽፍን ጫማ አድርጋችሁ መንገዱን በባትሪ እያያችሁ ይሁን፤ እባብና ጊንጥም የሌሊት ወገን ናቸው።

ፎቶውን ለመሞከር ግን አርባ ምንጭ ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም። በብዙ ስልኮች ላይ የካሜራውን ዓይን ለጥቂት ሴኮንድ ከፍቶ የሚያቆይ የሌሊት ማንሻ አለ። ስልኩን በርጩማ ላይ በመጽሐፍ ደግፋችሁ ፊቱን ወደ ጨለማ አዙሩት፤ ከጎን አንዲት የእጅ ባትሪ አብሩ። ሰማያዊ ነጭ መብራት ብዙ ነፍሳትን ያጠምዳል፤ ቢጫው ጥቂት ብቻ ነው የሚጠራው፣ ለዘወትር የበረንዳ መብራትም የሚመረጠው እሱ ነው። ከ8 እስከ 10 ሴኮንድ በቂ ነው። ብዙዎቹ ፎቶዎች ባዶ ይወጣሉ፤ ልጆቹ እንዳይሰለቹ ተራ በተራ ቁልፉን ይጫኑ።

አያቶች ደግሞ ወንበር ይውጣላቸውና አብረው ይቀመጡ። የኩራዙን ዘመን፣ የሰፌዱን አሸን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ልጆቹን ጥሩ፣ ግማሽ ሰዓት አሳዩአቸው፣ ከዚያ የበረንዳውን መብራት አጥፉና መጋረጃውን ዝጉ። የቀሩት መንገድ ይኖራቸዋል።